የስልኬ ማሳም በዓል አለው

እጫወታለሁ። ዕድሜዬ አምሳ ስምንት ነው፣ ባሌ ሞቶብኛል፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ስልኬን አንስቼ እዚያ ውስጥ ያለችውን ማሳዬን አያለሁ። ቲማቲም እለቅማለሁ፣ ስንዴ አጭዳለሁ። የማላውቃቸው ሰዎች ከማላውቀው አገር ገብተው ውኃ ያጠጡልኛል፤ እኔም ገብቼ አጠጣላቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ እዘጋዋለሁ። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመጠየቅ አይደለም። ይቅርታ የሚገባው አንድ ሰው ነበር፣ እሱን ጠይቄዋለሁ። «ባሏን ቀብራ በስልክ ትጫወታለች» የሚለው ሌላው ሰው ግን መጀመሪያ ያንብብ፣ ከዚያ ይበል።

የምጽፈው በዝግታ ነው። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፤ አንዳንድ መስመር ላይ ስደርስ ደግሞ እስክሪብቶውን አስቀምጬ መነሳት አለብኝ።

ባሌ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። አባቱም አያቱም ጎንደር ላይ ጨርቅ ሲለኩ ኖረው ያለፉ ናቸው። በሳምንት አንድ ቀን ብርድ ልብስና ፎጣ አስጭኖ በደባርቅ መንገድ ወደ ደጋው ይወጣል። ኮሶዬ ላይ በዕድሜ የሚበልጠው አንድ ገበሬ ወዳጅ ነበረው፤ «አያ» ይለዋል፣ እኔም ከእሱ ሰምቼ «አያ» እለው ነበር። እኛ እስላም፣ አያ ክርስቲያን፤ ሥጋ አብረው አይበሉም። ከሥጋ በቀር ግን የማይካፈሉት አልነበረም፤ ቆሎው፣ ድንቹ፣ ወተቱ፣ ስድቡ።

ባሌ የሞተው በግንቦት ነው። ያን ቀን ከኮሶዬ ሲመለስ ሱሪው እስከ ጉልበቱ አፈር ለብሶ ነበር። እየሳቀ ነው የገባው።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ዛሬ ኮሶዬ ላይ የሆነውን ብነግርሽ ሆድሽን ይዘሽ ነው የምትስቂው።»

«ንገረኛ!»

«ትንሽ ጎኔን ላሳርፍ። ይሄ ተኝተው የሚያወሩት አይደለም። ቆሜ ነው የማሳይሽ።»

አስርን ሰገደና ጋደም አለ። ለምሽቱ የመግሪብ ሶላት ልቀሰቅሰው ስገባ በሕይወት አልነበረም።

ልቡ ታማሚ ነበር። ለዓመታት መድኃኒት ሲወስድ ነበር፤ ሐኪሙም ቀደም ብሎ ነግሮናል። ስለዚህ «በምን ሞተ?» ብዬ አልተብሰለሰልኩም። እኔን የበላኝ ያ ሳቅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው የመጨረሻ ወሬውን ሳይነግረኝ ሄደ። ወሬውን የሚያውቀው ደግሞ አያ ብቻ ነው። አያ በለቅሶው ሰሞን ከወንዶቹ ጋር መጥቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሄደ አሉኝ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ስለነበርኩ አላየሁትም።

ተነስቼ ኮሶዬ መሄድ አልችልም። በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ትቀመጣለች። አትኳልም፣ ሽቶ አትቀባም፣ ያለ ችግር ከቤቷ አትወጣም። ሰው ወደ እሷ ይመጣል እንጂ እሷ ወደ ሰው አትሄድም። እኔም ቤቴ ተቀምጬ ግድግዳ አይ ነበር።

ስልኩን ያስያዘችኝ ልጄ ናት። ከባሕር ዳር ለለቅሶው መጥታ ክረምቱን አብራኝ ቆይታ ነበር።

«እማ፣ ግድግዳውን ተዪውና ይቺን እይ።»

«ምንድን ናት?»

«እርሻ ናት። ትዘሪያለሽ፣ ይበቅላል፣ ታጭጃለሽ።»

«የጨርቅ ነጋዴ ሚስት፣ እርሻ ምኔ ነው?»

«ዝም ብለሽ ቲማቲሙን ንኪው።»

ነካሁት። ውኃ ጠብ እንደ ማለት ያለ ድምፅ አሰማና ተለቀመ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ነክቼው እሺ ያለኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

የባሌ እህት በየቀኑ እየመጣች አብራኝ ትውላለች። እንግዳ የምትቀበለው፣ ምግብ የምታቀርበው፣ ሰው ሲበዛ በር የምትዘጋው እሷ ናት። ስልኩን እጄ ላይ ባየች ቀን መሶብ እንደ ያዘች ቆመች።

«ዒዳ ላይ ተቀምጠሽ ጨዋታ?»

«ምነው?»

«ሰው ምን ይላል!»

«አትኳይ አላችሁኝ፣ አልተኳልኩም። ሽቶ አላችሁኝ፣ ከነጠርሙሱ ለሰው ሰጠሁ። ቲማቲም አትልቀሚ ያለኝ ግን የለም።»

«ምላስሽ ብቻ ዒዳ አልተቀመጠም» ብላኝ አለፈች።

ያን ቀን ያሸነፍኩ መሰለኝ። እሷን ማሸነፌ እውነት ነው፤ ማሳውን ግን አላሸነፍኩም።

ቲማቲሙ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። ስንዴው ሁለት ሰዓት፣ ዱባው ስድስት ሰዓት ይፈልጋል። ሲደርስ ስልኩ ይጣራል። ካልሄዱለት ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ጠቁሮ ያሳይሃል። እኔ በዚያ ወር የሚጠወልግ ነገር ማየት አልችልም ነበር። በተጠራሁ ቁጥር እሄዳለሁ። ሰው እያወራኝ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። አስርን ከሰዓቱ አሳልፌ መስገድ ጀመርኩ፤ አንድ ቀን ሁለት ቀን ሲሆን ለራሴም ታወቀኝ።

አፈርኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበርኩ፤ የመዝጊያው ሰዓት ሲደርስ ደወል የምመታ፣ «መጽሐፍህን ዝጋ፣ ነገም ቀን ነው» የምል እኔ ነበርኩ። እንግዲያው ለራሴም ደወል ላብጅ ብዬ ስልኩ በዘጠኝ ሰዓት እንዲጮኽ ሞላሁት። ስልኩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በማግሥቱ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ሴቶች ተሰብስበው ቁርአን እየተቀራ፣ ከጉያዬ እንደ አውራ ዶሮ ጮኸ። ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ግን ዝም አለ። እኔም ዝም ብዬ አጨድኩ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ሐምሌ አሥራ ሁለት ነበር። ውስጠኛው ክፍል ገብቼ ዙህርን ሰገድኩ። ስጨርስ ከመስገጃው ሳልነሳ ስልኩን ከሻርፔ ሥር አወጣሁ። አንድ አምስት ደቂቃ ብዬ ነው። ስንዴው ደርሶ ነበር፣ ከስንዴው ቲማቲሙ፣ ቲማቲሙን ስለቅም ጎረቤት ማሳ ውኃ ጠየቀኝ። ጀርባዬ ለበሩ፣ ፊቴ ወደ መካ፣ ወደ ቂብላ፣ አንገቴን ደፍቻለሁ፤ የለቀምኩትን ስቆጥር ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ከኋላዬ በሩ ገርበብ ሲል ሰማሁ። ቀስ ብሎም ተዘጋ። ዞር አላልኩም።

ስወጣ ሳሎን ውስጥ ማንም የለም። ወንበሩ ላይ በጨርቅ የተቋጠረ ነጭ ሽንኩርት፣ ከወንበሩ ሥር ሊደርቅ የጀመረ የጫማ ጭቃ አለ።

«ማነው የመጣው?»

«የኮሶዬው አያ ነዋ» አለች የባሌ እህት። «ከሰዓት በላይ ጠበቀሽ። ሁለት ጊዜ በሩን ከፍቼ አየሁሽ፣ አላህን እያወሳሽ ዚክር ላይ ነሽ። ዝናቡ ሳይመጣ መኪና ልያዝ ብሎ ሄደ።»

«ለምን አልጠራሽኝም?»

«ከመስገጃ ላይ? ምን ሆነሻል አንቺ!»

በዚህ ቤት ሰው መስገጃ ላይ ካለ አይጠራም። ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። እሷ በእምነት ያደረገችውን እኔ ተሸሸግኩበት፤ ዝም አልኩ። የባሌን የመጨረሻ ሳቅ የያዘው ሰው ከእኔ በአሥር እርምጃ ተቀምጦ ነበር፣ እኔ ቲማቲም ስቆጥር ተነስቶ ሄደ። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው «ጸሎቷ እንዴት ይረዝማል» እያለ ሲያመሰግነኝ ሰማሁ። በአራተኛው ቀን ልጄንና የባሌን እህት አስቀምጬ ነገርኳቸው።

የባሌ እህት መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ተነሳች።

«እኔን? እኔን በእንግዳ ፊት አስዋሸሽኝ?»

«አዎ።»

«ያን ሽማግሌ «እየሰገደች ነው» ብዬ በአላህ ስም አስቀመጥኩት እኮ!»

«አውቃለሁ። አጥፍቻለሁ።»

ልጄ እጇን ዘረጋች። «ስልኩን ስጪኝ እማ። ያመጣሁብሽ እኔ ነኝ፣ አሁኑኑ ከላዩ ላይ አጠፋዋለሁ።»

«አልሰጥም።»

«እማ!»

«አንቺ ብታመጪውም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ልጅ ሆነሽ ስገድብሽ የኖርኩ እናትሽ ነኝ፤ ራሴን መገደብ የሚያቅተኝ ከመሰለሽ ቁጭ ብለሽ እዪኝ።»

«ካቃተሽስ?»

«ካቃተኝ ያን ጊዜ ውሰጂው። ዛሬ ግን የእኔ ነው።»

ብትወስድብኝ ቀላል ነበር። ጥፋቱ የስልኩ ይሆናል፣ እኔም የታመመች አሮጊት እሆናለሁ። ሁለቱንም እምቢ አልኩ።

መጀመሪያ ያደረግኩት መጥሪያውን ማፈን ነው። እኔ ነኝ ወደ ማሳው የምሄደው እንጂ ማሳው እኔን አይጠራኝም። ሁለተኛ ስልኩ መስገጃው ወዳለበት ክፍል አይገባም ብዬ ሳሎን መስኮት ላይ አኖርኩት። የምጫወተው በር በሩን እያየሁ፣ ሰው እያየኝ ሆነ። ቀላል አልነበረም። ሁለት ጊዜ የአስርን ሶላት ከሰዓቱ አሳልፌያለሁ፤ አንድ ጊዜ ውኃ ልጠጣ ብዬ ተነስቼ በመስኮቱ በኩል ስንዴ ያጨድኩበት ቀንም አለ። ልጄ አይታ ውኃውን ራሷ ቀድታ አቀበለችኝ። ያ ውኃ ከደወል በላይ ነበር።

ወደ ደባርቅ በሚመላለስ ሾፌር በኩል ለአያ መልእክት ሰደድኩ፤ «እባክህ ተመልሰህ ና» ብዬ። «እሺ ብሏል» አሉኝ። አልመጣም። ደግሜ ሰደድኩ። «እሺ ብሏል።» ነሐሴም አለቀ፣ አልመጣም።

ዒዳዬ የተፈጸመው መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። በማግሥቱ ጠዋት ሻርፔን አሰርኩ።

«የት ነው?» አለች የባሌ እህት።

«ኮሶዬ።»

«ከዒዳ የወጣች ሴት መጀመሪያ ዘመድ ቤት ነው የምትሄደው!»

«እዚያም ዘመድ አለኝ» አልኳትና ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ኮሶዬ ብርድ ነው። ከመንገዱ በታች ያለው ቆላ በጉም ተሸፍኖ፣ ከላይ ያለው ገብስ ገና አረንጓዴ ነበር። ማርያም ስለነበረች ሥራ የለም፤ አያን ቤቱ ደጃፍ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ አለ። ዓይኑን ግን ከመሬት አላነሳም።

«እቴ… ወጣሽ እንዴ?»

«ዒዳዬ አለቀ አያ። ላክሁብህ፣ ቀረህ።»

«እንዴት ብዬ ልምጣ? ያን ቀን መጣሁ፣ ልታዪኝ አልወደድሽም። አልፈርድብሽም።»

«ማን ነው አልወደደችም ያለህ?»

«ጸሎት ላይ ናት አሉኝ። ሰዓት ሙሉ! ጨዋ ሰው ሂድ አይልም፣ «ጸሎት ላይ ነኝ» ነው የሚለው። ገባኝ።» ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። «የገደልኩት እኔ ነኝና ነው።»

«ምነው አያ! ምን ማለትህ ነው?»

ነገረኝ። ያን የግንቦት ቀን አያ ሲያርስ ባሌ ደርሶ ዳር ላይ ቆመ። አያ «ሃያ ዓመት ጨርቅ ስትለካ እጅህ ለሰለሰ፣ እስቲ እርፍ ጨብጥ» ብሎ ዘለፈው። ባሌ «አምጣ!» ብሎ ጫማውን አወለቀ። ሁለት ዙር ሄደ፣ ሲጨርስ ላብ አጥምቆት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። በዚያው ቀን ሞተ። አያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያቺን አንዲት ቃል፣ «እርፍ ጨብጥ» ያላትን፣ ይዟት ይዞራል። ለቅሶው ላይ በሰው መካከል ሊናገረው አልቻለም፤ በሐምሌ የመጣው ሊናገርና ሊክስ ነበር።

እኔ ደግሞ ቲማቲም ስቆጥር ሁለት ወር ተኩል ጨመርኩበት።

«አያ፣ ስማኝ» አልኩት። «ልቡ የታመመው ከዓመታት በፊት ነው። ሐኪሙ ነግሮናል። ለማንም አልተናገረም፣ ላንተም ደብቆሃል። ደግሞ ያን ቀን ቤት ሲገባ እየሳቀ ነበር።»

«እየሳቀ?»

«እየሳቀ። ቆሜ ነው የማሳይሽ አለኝ፣ ሳያሳየኝ ሄደ። አሁን አንተ አሳየኝ።»

 አያ ጋቢውን መሬት ላይ ጣለና ባዶ እጁን እርፍ እንደያዘ ሰው አድርጎ ጎንበስ አለ።

«ይኸውልሽ፣ እንዲህ ያዘ፣ እንደ ጣቃ ጨርቅ። ግራ በሬው ዞር ብሎ አየውና ቆመ። «ምነው ቆመ?» አለኝ። «ዋጋ እስክትነግረው ነው» አልኩት። ትልሙ እንደ እባብ ሄደ። ሴቶቹ ከውኃ መንገድ ቆመው ይስቃሉ። ይኼ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሜትር አምጡልኝ፣ ቀጥ አድርጌ ልቁረጠው!»»

ሳቅኩ። ከግንቦት ወዲህ እንደዚያ አልሳቅኩም። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላው ተቀየረና አያ ጋቢውን አንስቶ እስክጨርስ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረልኝ።

ስረጋጋ የእኔን አወጣሁ። «ያን ቀን ጸሎት ላይ አልነበርኩም አያ። ቲማቲም እየለቀምኩ ነበር። ይቅር በለኝ።»

«መስገጃ ላይ?»

ስልኩን አውጥቼ አሳየሁት። ኔትዎርኩ እየሄደ እየመጣ በመጨረሻ ማሳው ተከፈተ፤ ጠዋት ስላልጎበኘሁት ግማሹ ጠውልጓል። አያ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከዓይኑ አርቆ ተመለከተው። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ስንዴው በስንት ጊዜ ይደርሳል?»

«በሁለት ሰዓት።»

«ውሸታም ማሳ!» አለ። ስልኩን እንደያዘ «በዓሉስ መቼ ነው?»

«በዓል የለውም።»

«ሚካኤል? ማርያም? ያንቺ ጁምዓስ?»

«ምንም የለውም አያ። ሁልጊዜ ይበቅላል።»

«እንግዲያ በዚህ ማሳ ላይ በሬው አንቺ ነሻ!» ስልኩን መለሰልኝ። «ገበሬ በዓል የሚያከብረው ሰነፍ ሆኖ መስሎሻል? እኔ ያን ቀን የመጣሁት ሚካኤል ሆኖ ሞፈሩ ስለተሰቀለ ነው። በዓል ባይኖር ለቅሶ የሚደርስ ማን ነበር? ሥራ እንደሁ አያልቅ።»

አትጫወቺ አላለኝም። ይህን ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ እፈልጋለሁ።

ባሌ ያረሰበትን ቦታ አሳየኝ አልኩት። ወሰደኝ። «ከዚያ ወዲያ ሁለቴ ታርሷል» አለ፤ «የሱን ትልም አታገኚውም።» አላገኘሁትም። ገብስ ብቻ ነበር። ዳር ላይ ትንሽ ቆሜ፣ አያ ያሸከመኝን የባቄላ እሸት ይዤ ወረድኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሳዬ በዓል አለው። ጁምዓ ይዘጋል። በየወሩ በአሥራ ሁለትና በሃያ አንድ ደግሞ ይዘጋል። የባሌ እህት የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ ስቆጥር አገኘችኝ።

«ደግሞ አሁን ስልክሽ ክርስቲያን ሆነ?»

«ገበሬ ሆነ» አልኳት።

ሰው በር ሲያንኳኳ ስልኩ መስኮቱ ላይ በፊቱ ይደፋል፤ ስንዴውም ይድረስ ዱባው። ብዙ ይጠወልግብኛል። የማላውቃቸው ጎረቤቶቼ ሰነፍ ናት ብለው ውኃ ማጠጣት ትተውኛል። ይተዉኝ። ልጄ ከባሕር ዳር እየደወለች «እማ፣ አሁንም ትጫወቻለሽ?» ትለኛለች። «እጫወታለሁ» እላታለሁ። ከዚያ የሐምሌ ቀን ወዲህ አንድ ጊዜም ደብቄያት አላውቅም፤ ከእንግዲህ የምደብቀው ሰዓት የለኝም።

ጥቅምት አሥራ ሁለት አያ መጣ። ከበሩ ሳይደርስ አይቼው ወጥቼ ተቀበልኩት።

«ማሳሽስ?» አለኝ።

«ጦም አድሯል አያ።»

«ሸጋ» አለና ጫማውን አውልቆ ገባ። እስከ መኪና ሰዓት ስለ ባሌ አወራን፤ የባሌ እህት ሳትቀር ያን በሬ ደጋግማ አስነገረችው።

በማግሥቱ ዙህርን ሰግጄ፣ መስገጃውን አጥፌ፣ ሳሎን በሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ዱባ ዘራሁ።